የቺኩንጉንያ ቫይረስ የሚገባበትን በር ከሕዋሱ ላይ መዝጋት ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር ከድሬዳዋ

በቅድሚያ ለመድረኩ አባላት የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በድሬዳዋ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ቫይረሶች ሳስተምር፣ ቫይረስ ወደ ሕዋስ ለመግባት በሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚገኝ ተቀባይ ፕሮቲን መያዝ እንዳለበት፣ የሚይዘው ካጣ ደግሞ ሳይራባ እንደሚጠፋ አስረዳሁ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «እንዲያ ከሆነ መምህር፣ ቫይረሱን ከማሳደድ የሚገባበትን በር መዝጋት አይቀልም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። በቂ መልስ ስላልነበረኝ አጣርቼ እንደምነግራት ቃል ገባሁላት።

ጥያቄው ለእኔ የክፍል ጥያቄ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማችንን ሲመታ ከ40 ሺህ በላይ ሰው መታመሙ የሚታወስ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ወይም ሮቶ የሌለበት ግቢ የለም፤ ኤደስ የተባለችው ትንኝ የምትራባውም እንዲህ ባለው ንጹሕ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ነው። የምትናከሰው ቀን ቀን በመሆኑ ለወባ የተሰጠን አጎበር ብዙም አላዳነንም። እናቴን ትኩሳቱ በአምስተኛው ቀን ቢለቃትም እጇ ግን ቶሎ አልተመለሰም። ማለዳ ጣቶቿ አልታጠፍ ስለሚሏት የጀበናውን እጀታ መጨበጥ ተስኗት ቡናውን የምትቀዳው እህቴ ነበረች፤ የጀሪካን ክዳን ስትከፍትም በጣቶቿ ሳይሆን በሁለት መዳፎቿ መካከል ይዛ ታሽከረክረው ነበር። ይህ ሁኔታ ሰባት ወር ያህል ቆየ፤ እስከ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመለስባታል።

ስለዚህ ዕውቀቱ ያላችሁን የምጠይቀው፣ የቺኩንጉንያ ቫይረስ የሚገባበት በር በእርግጥ ታውቋል ወይ? ከታወቀስ በሩን በመድኃኒት መዝጋት በሰውነታችን ላይ ጉዳት አያመጣም ወይ? በሩ የተፈጠረው ለቫይረሱ ተብሎ አይደለምና ለእኛ የሚሠራው ሥራ ሊኖረው ይገባል ብዬ አስባለሁ። መልሳችሁ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሊገባ በሚችል መልኩ ቢሆንልኝ ደግሞ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ የቫይረስ ጥናት ተማሪ

የተከበሩ መምህር፣ በአውሮፓ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቫይረሶች ወደ ሕዋስ የሚገቡበትን መንገድ የማጠና የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ተማሪዎ የጠየቀችው ጥያቄ በሙያችን ውስጥ ብዙ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ብመልስ አይከፋዎትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የቺኩንጉንያ ዋና በር ታውቋል። ቫይረሱ ራሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ በማኮንዴ አምባ ላይ በተነሣው ወረርሽኝ ሲሆን ስሙም በማኮንዴ ቋንቋ የሚያጎብጥ እንደ ማለት ነው። በሩ እስኪገኝ ግን ከ60 ዓመት በላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የማይክል ዳይመንድ የምርምር ቡድን ኤምኤክስአርኤ8 የተባለ ፕሮቲን ለቫይረሱ መግቢያ እንደሚሆን አሳወቀ። ያገኙበት ዘዴ ለክፍልዎ ጥሩ ማስተማሪያ ይሆናል። ክሪስፐር በተባለው የዘረ መል መቁረጫ አማካይነት እጅግ ብዙ የአይጥ ሕዋሳት ወስደው፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አንድ የተለያየ ዘረ መል እንዲበላሽ አደረጉ፤ ቀጥለው ሁሉንም ለቫይረሱ አጋለጧቸው። አብዛኞቹ ሲያዙ ጥቂቶቹ ግን ሳይያዙ ቀሩ። ያልተያዙትን ለይተው የትኛው ዘረ መል እንደጎደላቸው ሲመረምሩ ጎልቶ የወጣው ይኸው ኤምኤክስአርኤ8 ሆነ። አንድ መንደር ሌባ ገብቶበት ያልተዘረፉት ቤቶች ብቻ ተለይተው ሲታዩ፣ ሁሉም መስኮት የሌላቸው ሆነው ቢገኙ ሌባው በየት እንደገባ እንደሚታወቀው ማለት ነው።

በዚሁ ጥናት ላይ በሩን መጠቀም የሚችለው ቺኩንጉንያ ብቻ እንዳልሆነም ታየ። ኦኒዮንግ ኒዮንግ፣ ማያሮ እና ሮስ ሪቨር የተባሉት የቅርብ ዘመዶቹም በዚያው ይገባሉ። ኦኒዮንግ ኒዮንግ እ.ኤ.አ. በ1959 ከዑጋንዳ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ እጅግ ብዙ ሕዝብ ያሳመመ ሲሆን፣ የሚተላለፈው ወባን በምታስተላልፈው በአኖፊለስ ትንኝ ነው። እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ትንኞች የሚያመጧቸው ሁለት ቫይረሶች በሰው ሕዋስ ላይ ሲደርሱ የሚያንኳኩት አንድ በር ነው ማለት ነው። በሩን ስለ መዝጋት የሚታሰበው ሐሳብ ለእኔ ትልቅ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ትንኟን ለመከላከል ሁለት ዓይነት ዘዴ ያስፈልጋል፣ በሩን ለመዝጋት ግን አንድ ሊበቃ ይችላል።

አሁን ወደ አዘጋጉ ልምጣ። አንደኛው መንገድ በሩን ራሱን መሸፈን ነው፤ ይኸውም ኤምኤክስአርኤ8ን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በመስጠት ቫይረሱ ሲደርስ ቦታው ተይዞ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሐሰተኛ በር መበተን ነው። ተቀባዩ ፕሮቲን ከሕዋሱ ተነጥሎ በደም ውስጥ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ቫይረሱም የሕዋስ በር ያገኘ መስሎት ይይዘዋል፣ ከያዘው በኋላ ግን የሚገባበት ቤት የለም። በደም ውስጥ ቶሎ እንዳይጠፋ የፀረ እንግዳ አካል ጭራ ይቀጠልለታል። የዳይመንድ ቡድን ሁለቱንም በአይጥ ላይ ሞክሯቸው፣ በሁለቱም የቫይረሱ መጠን ቀንሷል፣ የእግር መገጣጠሚያ እብጠቱም ጎድሏል። በቀጣዩ ዓመት በወጡት የቅርጽ ጥናቶች ደግሞ ፕሮቲኑ ቫይረሱን እንዴት እንደሚይዘው በቅርብ ታየ። የቫይረሱ ገጽ ኢ1 እና ኢ2 የሚባሉ ፕሮቲኖች 240 ጥንድ ሆነው የለበሱት ነው፤ ኤምኤክስአርኤ8 በእነዚህ ጥንዶች መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ፣ ግንድ ሲፈለጥ እንደሚሰካ ሽብልቅ ይገባል።

የሰውን በር በመዝጋት ቫይረስን መከላከል ሕልም ብቻ አለመሆኑን ተማሪዎ እንድታውቅ ሁለት ምሳሌ ልጨምር፤ ሁለቱም ግን ከትንኝ ጋር ግንኙነት የላቸውም። ማራቪሮክ የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ሲፈቀድ ሥራው ሲሲአር5 የተባለውን የነጭ የደም ሕዋስ በር መዝጋት ነበር። ቡሌቨርታይድ የተባለው የሄፓታይተስ ዲ መድኃኒት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በአውሮፓ ተፈቅዷል፤ እሱም በጉበት ሕዋስ ላይ ያለውን ኤንቲሲፒ የተባለ በር ይዘጋል። የእርስዎ ሥጋት የሚመለሰውም በዚህ በሁለተኛው ነው። ኤንቲሲፒ የተፈጠረው የሐሞት ጨውን ከደም ወደ ጉበት ለማስገባት ስለሆነ መድኃኒቱን በሚወስዱ ሰዎች ደም ውስጥ የሐሞት ጨው ከፍ ይላል። ደግነቱ አብዛኞቹ ታማሚዎች ይህ ሳይሰማቸው ይኖራሉ። በሩን ዘግተን ሥራውን ግን ሙሉ በሙሉ ሳናስቆም የምንቀርበት ዕድል አለ ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ በር ለየብቻው መታየት አለበት።

ኤምኤክስአርኤ8 ከአጥንትና ከመገጣጠሚያ ሕዋሳት፣ እንዲሁም ከደም ሥሮች ሥራ ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ዘረ መሉ የተበላሸባቸው አይጦች ግን በሕይወት አድገው ለሙከራ በቅተዋል፤ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ሳልደብቅ መናገር የሚገባኝ ነገር ደግሞ፣ በእነዚህ አይጦች ላይ ቫይረሱ እጅግ ቢቀንስም ፈጽሞ አልጠፋም። በሩ ሲዘጋ በአጥር የሚዘል አለ። ቫይረሱ በሕዋሱ ገጽ ላይ ባሉ የስኳር ሰንሰለቶችና በሌሎች ፕሮቲኖችም መጠጋት ስለሚችል አንድ በር መዝጋት በሽታውን ያቀልላል እንጂ ሁልጊዜ ያስቀራል ብሎ ቃል መግባት አይቻልም። እስካሁን የተገኘው ውጤትም በአይጥ ላይ የተገኘ ነው፤ የቺኩንጉንያን በር የሚዘጋ ለሰው የተፈቀደ መድኃኒት የለም።

መልስ፦ ሐኪም ከምሥራቅ

ሁለታችሁም የጻፋችሁትን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በ2019 ወረርሽኝ ወቅት በምሥራቅ ኢትዮጵያ በአንድ ጤና ተቋም ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን ከአልጋው በኩል ማየት እፈልጋለሁ።

ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ትኩሳቱ ከጀመረው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ሁለት ሰው ደግፎት ወይም በባጃጅ ተጭኖ ነበር። በዚያን ሰዓት ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ ደርሷል፣ ብዙ ሕዋሳትም አስቀድመው ተይዘዋል። ከተነከሰበት ቀን እስከ ትኩሳቱ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ስለሆነ፣ በሩን የመዝጊያው ትክክለኛ ጊዜ ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ገበያ የሚውልበት ጊዜ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ለማን፣ መቼ እንደሚሰጥ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የአንድን ከተማ ሕዝብ በሙሉ በየጥቂት ሳምንቱ መርፌ እየወጉ ወረርሽኝ ማሳለፍ የሚቻል አይመስለኝም። ሐሰተኛ በር የተባለው ፕሮቲን በሕያው ሕዋስ ፋብሪካ የሚመረት፣ ቅዝቃዜ የማይለየው ውድ ነገር ነው። ኢታነርሴፕት የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት መድኃኒት እንደዚሁ የተቀባይ ፕሮቲንና የፀረ እንግዳ አካል ጭራ ቅጥያ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ በአገራችን ስንት ታማሚ በቋሚነት እንደሚያገኘው ግን ሐኪሞች ሁሉ እናውቃለን። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ክትባት ሲገኝ ነው።

ይህን ስል ሐሳቡን ለመጣል አይደለም። በሩን የመዝጋት ዘዴ ክትባት ሊደርስ በማይችልበት ቦታ ሊሠራ ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ በዓይኔ ፊት ሁልጊዜ የሚመጣውም አንድ ዓይነት ታካሚ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ምጥ ሲይዛት ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ካለ፣ ከሚወለዱት ሕፃናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት በወሊድ ጊዜ ይያዛሉ። ይህ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በሬዩኒዮን ደሴት በደረሰው ወረርሽኝ ላይ ነው፤ በዚያ ደሴት ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ታሟል። ሕፃኑ ሲወለድ ደኅና ይመስላል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን ትኩሳት ይይዘዋል፣ ጡት ይተዋል፣ አንዳንዱም አንጎሉ ይጎዳል። ምጥ በቀዶ ሕክምና ቢፈታም መተላለፉ አይቀርም። እንግዲህ እዚህ ላይ ቫይረሱ መቼ እንደሚገባ ሰዓቱን እናውቃለን፤ መከላከያ የሚያስፈልገው ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ የሚያስፈልገው መጠንም ለሦስት ኪሎ ሕፃን ብቻ ነው። ለአራስ ሕፃን ክትባት ቢሰጥ ሰውነቱ መከላከያ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፤ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ወይም ሐሰተኛ በር ግን ከተሰጠበት ሰዓት ጀምሮ ሊሠራ ይችላል። ገንዘብና ዕድሜ ቢሰጠኝ ምርምሩን የምጀምረው ከዚህ ነው።

ከበሩ ይልቅ የቫይረሱን እጅ የመያዝ መንገድም እንዳለ መጨመር ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት፣ የቺኩንጉንያን ፀረ እንግዳ አካል አሠራር የያዘ ኤምአርኤንኤ በጤነኛ ፈቃደኞች ደም ውስጥ ተሰጥቶ ሰውነታቸው ፀረ እንግዳ አካሉን ራሱ ሠርቶታል። ይህ የሰውን ፕሮቲን ስለማይነካ የመምህሩን ሥጋት ያቃልላል። ክትባትን በተመለከተ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የቺኩንጉንያ ክትባት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ሁለተኛውም በየካቲት 2025 ተፈቅደዋል፤ የመጀመሪያው ግን ሕያው የተዳከመ ቫይረስ በመሆኑ በተለይ በአረጋውያን ላይ ከባድ ጉዳት በመታየቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 በአሜሪካ ፈቃዱ ታግዷል። ለአረጋውያንና ተከላካይነታቸው ለደከመ ሰዎች ሌላ ዓይነት መከላከያ መፈለግ እንዳለበት ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ከእንስሳት በኩል የሚነገር አንድ ነገር ስላለ ልጨምር፤ ለመምህሩ ተማሪም ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ላም የተዘጋ በር ይዛ ነው የተወለደችው። ከብቶችም ኤምኤክስአርኤ8 አላቸው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚያው ከዳይመንድ ቡድን የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በከብቶቹ ፕሮቲን ላይ በሰውም በአይጥም የሌለ 15 አሚኖ አሲድ ያህል ጭማሪ አለ። ቫይረሱ ሊይዝ ሲመጣ ይህ ጭማሪ ይጋረጥበታል። ተመራማሪዎቹ ጭማሪውን ከከብቱ ፕሮቲን ላይ ቢቆርጡት ቫይረሱ መያዝ ቻለ፤ በተቃራኒው ይህንኑ ጭማሪ በአይጡ ፕሮቲን ላይ ቢቀጥሉት ቫይረሱ መያዝ ተሳነው። ላሟ በበሯ ሥራዋን ትሠራለች፣ ታልባለች፣ ትወልዳለች፤ ቫይረሱ ግን አይገባባትም። በሩ ለባለቤቱ እየሠራ ለቫይረሱ ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እኔ አላውቅም።

ሁሉም በር ግን እንዲህ አይደለም። በእኛ ሙያ የሚያስፈራን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ነው። ይህም በትንኝ የሚተላለፍ፣ በጎችንና ፍየሎችን በጅምላ የሚያስወርድ፣ ወደ ሰውም የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1931 በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ በሚገኝ የበግ እርባታ ላይ ነው የተለየው። እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ተሻግሮ ሰው ሲገድል የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡ የቁም እንስሳትን አገዱ። ያን ጊዜ በሶማሌ ክልል ያሉ አርብቶ አደሮች አንድም የታመመ በግ ሳይኖራቸው ገበያቸው ተዘጋ። በበርበራ ወደብ በኩል የሚሸጠው በግና ፍየል የቤተሰቡ ስኳር፣ ዱቄትና ልብስ የሚገዛበት ገንዘብ ስለነበር ጉዳቱ ከየትኛውም በሽታ ያላነሰ ነበር።

የዚህ ቫይረስ በር እ.ኤ.አ. በ2021 ታውቋል፤ ኤልአርፒ1 ይባላል። ይህን ፕሮቲን የሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ለአይጦች ሲሰጥ ከሞት አትርፏቸዋል። ነገር ግን ኤልአርፒ1 በጉበት፣ በአንጎልና በሌሎችም ብዙ ቦታዎች ስብና ሌሎች ነገሮችን ከውጭ ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ትልቅ ሠራተኛ ነው፤ ዘረ መሉ ፈጽሞ የጠፋባቸው የአይጥ ፅንሶች ሳይወለዱ ይሞታሉ። ኤምኤክስአርኤ8 የጎደለው አይጥ ሮጦ ሲያድግ ኤልአርፒ1 የጎደለው ግን ከእናቱ ማኅፀን አይወጣም። እንዲህ ያለውን በር ለረጅም ጊዜ መዝጋት ሳይሆን ሐሰተኛ በር ሠርቶ ቫይረሱን ማሳሳት ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ሐሰተኛው በር የእንስሳውን በር ሳይነካ የሚሠራ ነው። ለከብትና ለበግ ዋጋው የማይታሰብ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ለበግ የሚበጀው ክትባት ነው፤ የበሩ ዘዴ የሚጠቅመው ምናልባት በቄራ ለሚሠሩና በወረርሽኝ ጊዜ የወረዱ ፅንሶችን በእጃቸው ለሚነኩ ሰዎች ይሆናል።

ጠያቂው፦ መምህር ከድሬዳዋ

ለሦስታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ላሟ የተጻፈውን ዛሬ ጠዋት በክፍል ውስጥ ስነግራቸው ተማሪዎቹ ከወትሮው የበለጠ በጸጥታ ነበር የሰሙኝ፤ ጠያቂዋ ልጅ ደግሞ 15ቱን አሚኖ አሲዶች በሰው ላይ መቀጠል ይቻል እንደሆነ ጠይቃኛለች። እንደገባኝ የሰውን ዘረ መል መለወጥ ከመድኃኒት የተለየ፣ ለትኩሳትና ለመገጣጠሚያ ሕመም ተብሎ የማይደፈር ነገር እንደሆነ መለስኩላት።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2013 በደንጊ ትኩሳትም ተጠቅታ ነበር፤ ትንኟም ያችው ናት። የቺኩንጉንያ በር ቢዘጋ ደንጊም አብሮ ይከለከላል ወይ? ሁለተኛው የእናቴ ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት ቢመጣ ለዓመታት የቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ሰው ይረዳል ወይ?

መልስ፦ የቫይረስ ጥናት ተማሪ

ለልጅቷ የሰጧት መልስ ትክክል ነው።

ደንጊ አይከለከልም። ትንኟ አንድ ብትሆንም ሁለቱ ቫይረሶች የተለያየ ቤተሰብ ናቸው፤ ቺኩንጉንያ ከአልፋ ቫይረሶች ሲሆን ደንጊ ግን ከቢጫ ወባ ጋር የፍላቪ ቫይረሶች ወገን ነው። ደንጊ አንድ ዋና በር ያለው አይመስልም። ዲሲ ሳይን የተባለው የነጭ የደም ሕዋስ ፕሮቲን ከታወቀ ከ20 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ያ ሲዘጋ ቫይረሱ በሌሎች መጠጊያዎች ይገባል።

ከዚያም በላይ ደንጊ የራሱ የሆነ ክፉ ጠባይ አለው። አራት ዓይነት ስለሆነ፣ አንድ ሰው በአንደኛው ዓይነት ታሞ ከዳነ በኋላ በሌላው ሲያዝ፣ የቀድሞው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን ይይዘዋል እንጂ አያሸንፈውም። ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ የፀረ እንግዳ አካልን ጭራ የሚይዝ በር አላቸው፤ ጭራውን ሲስቡ ቫይረሱን አብረው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ሁለተኛው ደንጊ ከመጀመሪያው የሚከፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ለቺኩንጉንያ ጥሩ የሆነው ጭራ ያለው ሐሰተኛ በር ለደንጊ እንዳለ ቢሠራ ቫይረሱን ተሸክሞ የሚያስገባ አዲስ በር ሊሆን ይችላል። ለዚህም ሲባል ጭራው ከነጭ የደም ሕዋስ ጋር እንዳይያያዝ ተደርጎ በጥቂት አሚኖ አሲዶች የሚለወጥበት ዘዴ አለ፤ በቤተ ሙከራ ለደንጊ የሚሠሩ ፀረ እንግዳ አካላት ላይ ይህ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

መልስ፦ ሐኪም ከምሥራቅ

የእናትዎን ጉዳይ እኔ ልመልስ። በሩን የሚዘጋ መድኃኒት ነገ ቢመጣ እንኳ ለእርሳቸው የሚረዳ አይመስለኝም። ቺኩንጉንያ ካለፈ ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚቆየው ሕመም በአብዛኛው የራስ ተከላካይ ሕዋሳት በመገጣጠሚያው ላይ የሚያስነሡት ብግነት ነው፤ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚገባ ብዙ ሕያው ቫይረስ በዚያን ጊዜ አይገኝም። በሩ የሚዘጋው ሌባው ከመግባቱ በፊት ነው።

ነገር ግን ይህ ማለት የሚደረግላቸው ነገር የለም ማለት አይደለም። በትኩሳቱ ሰሞን ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ደም መፍሰስን ስለምንፈራ ከፓራሲታሞል በቀር አስፕሪንና አይቡፕሮፌንን እንከለክል ነበር፤ ዛሬ ያ ሥጋት አልፏል። ሕመሙ ሲመለስ ማለዳ ጣቶቻቸው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚደርቁባቸው በሰዓት ይመልከቱላቸው፤ ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ከሆነና አንጓቸው ላይ እብጠት ከታየ የመገጣጠሚያ ብግነት ነውና የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ ለሌላ የመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጡ መድኃኒቶች ለአንዳንድ የቺኩንጉንያ ታማሚዎችም ይታዘዛሉ፤ ነገር ግን የጉበትና የደም ምርመራ ስለሚያስፈልጋቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው እንዳይሰጧቸው አደራ እላለሁ።